ለቅሶም ሠርግም የሌለበት ጉዞ

 

በእኛ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስት አብረው ከከተማ የሚወጡባቸው ምክንያቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንደኛው ለቅሶ ነው። ሁለተኛው ሠርግ። ሦስተኛው ንግሥ ወይም ጠበል። አራተኛው፣ አያምጣው እንጂ፣ ሕክምና ነው። ከእነዚህ ውጭ ሻንጣ ይዘው ሲወጡ የታዩ ሽማግሌና አሮጊት በሰፈሩ ሁለት ሳምንት ይወራባቸዋል።

ልጆቻቸው አውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች የዚያን አገር ልማድ ከፎቶ ያውቁታል። ልጆቻችን ዓርብ ከሥራ ሲወጡ ባቡር ይሳፈሩና ሮም ወይም ቪየና ወይም ፕራግ ያድራሉ። ቅዳሜን በአሮጌ ድልድይ ላይ ሲመላለሱ፣ ቤተ መንግሥት ሲጎበኙ፣ ቡና ሲጠጡ ይውሉና እሑድ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ፎቶው ስልካችን ላይ ይመጣል። እኛም «በጣም ያምራል፣ እግዜር ይጠብቃችሁ» ብለን እንመልሳለን። እኔ ግን ፎቶውን ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ከድልድዩ ላይ አይደለም። ከልጆቹ ኋላ ጸጉራቸው የሸበተ ፈረንጆች ሁለት ሁለት ሆነው ሲሄዱ ይታያሉ። የሞተባቸው የለም፤ የሚድሩትም የለም። እንዲሁ ሁለት ሆነው ወጥተዋል።

ገንዘብ ስላላቸው ነው እንል ይሆናል። እውነት ነው፣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ነገር ግን እኛም ለአንድ ለቅሶ መኪና ተከራይተን ጎንደር ድረስ እንሄዳለን፤ ለሠርግም ተበድረን እንደግሳለን። ስለዚህ የጎደለን ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም፤ ልማዱም ነው። ልጆች ካደጉ በኋላ «እኔና አንተ እንሂድ» ብሎ መንገድ መውጣት በእኛ ቤት ስም እንኳ የለውም።

የዛሬው ወጋችን ባለፈው ጥር እኔና ባለቤቴ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ስላሳለፍናቸው ሦስት ቀናት ነው።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። 34 ዓመት አስተምሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው። አራተኛዋና የመጨረሻዋ ልጃችን ተመርቃ ሥራ ይዛ ወጣች። ልጆች ሲወጡ ቤት ጭር ይላል ሲባል ትሰማላችሁ። የእኛ ቤት ግን ወሬ አላጣም፤ ችግሩ ወሬው ሁሉ ስለ ልጆች መሆኑ ነው። «ትልቋ ደወለች?» «ደወለች።» «ልጁ የቤት ኪራዩን ከፈለ?» «ከፍሏል።» ከዚያ የዘይት ዋጋ፣ ከዚያ ዜና፣ ከዚያ እንቅልፍ። በስማችን መጠራራት ከተውንም ብዙ ዘመናችን ነው። እሱ በበኩር ልጃችን ስም «የእገሊት እናት» ይለኛል፤ እኔም «የእገሊት አባት» እለዋለሁ። የብዙዎቻችሁም ቤት እንዲሁ ነው። ልጆቹ ሲሄዱ ግን ስማችንንም ይዘው የሄዱ መሰለኝ።

ለልጆች ትምህርት ብለን የገባንበት እቁብ ነበረን። ትምህርቱ አለቀ፣ እቁቡ ቀጠለ። ዘንድሮ ዕጣው ሲወጣልን ባለቤቴ «ጣሪያውን እናሠራው» አለ። እውነቱን ነው፣ የጓዳው ጥግ ክረምት ላይ ያፈሳል። እኔ ደግሞ «አንድ ቦታ እንሂድ» አልኩት።

«የት?»

«አንተ ስታስተምር የኖርከው ቦታ።»

«እኔ ሳስተምር የኖርኩት ኢትዮጵያን በሙሉ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ከመካከሏ አንድ ምረጥ።»

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ «አባያና ጫሞ» አለ። ነገሩ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስምጥ ሸለቆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል፣ ከላይ ዝዋይንና ላንጋኖን፣ ዝቅ ብሎ ሐዋሳን፣ ከሥር አባያንና ጫሞን በሰማያዊ ጠመኔ ሲቀባ ኖሯል። ሐዋሳ ለሠርግ ሄደናል። ከሐዋሳ ወዲያ ያሉትን ሁለቱን ግን በዓይኑ አላያቸውም። የመምህር ደመወዝና አራት ልጅ የት ያደርሳሉ?

ጎረቤቴ ሻንጣውን ስታይ ክው አለች። «ማን ሞተባችሁ?» «ማንም።» «ታዲያ የማን ሠርግ ነው?» «የማንም።» ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «አሞታል እንዴ?» አለችኝ። ትልቋ ልጃችንም በስልክ ያንኑ ጥያቄ ነው የጠየቀችን። ከዚህ የምትረዱት፣ በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ደህና ሆነው መሄዳቸው ራሱ የሚያስጠረጥር መሆኑን ነው።

በመኪና በሻሸመኔ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ያጥራል። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ለባለቤቴ ጉልበት ስለማይሆን በአውሮፕላን ሄድን፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለቀቅኩለት። ከመነሣት እስከ ማረፍ ፊቱን ወደ እኔ አልመለሰም።

አርባ ምንጭ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ታችኛዋ ሲቀላ ትባላለች፤ ዋናው ንግድና ግርግር እዚያ ነው። ላይኛዋ ሴቻ ናት። በሁለቱ መካከል 4 ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት አለ፤ ባጃጁ እያቃሰተ ይወጣዋል። ሴቻ ጸጥ ትላለች። መሥሪያ ቤቶቹ፣ የመኖሪያ ሰፈሮቹና ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች እዚያ ናቸው።

ከተማዋ እንደ ጎንደርና እንደ ሐረር የጥንት አይደለችም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ቀድሞ ከላይ ደጋው ላይ ጨንቻ ነበር፤ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ እኔና አርባ ምንጭ እኩያሞች ነን፤ እሷ ግን ጉልበቷን አላመማትም። ጥንታዊውን ነገር የምታገኙት ከከተማዋ ዙሪያ ነው፦ በሐይቆቹ፣ በደኑና በደጋው የጋሞ መንደሮች።

የሆቴላችን በረንዳ አፋፉ ላይ ነው። ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ደን ተኝቷል። በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው ሁለቱን የሚለያቸው ኮረብታማ መሬት፤ «የእግዜር ድልድይ» ይሉታል። ከማዶ የነጭ ሣር ሜዳ፣ ከእሱ ወዲያ የአማሮ ተራሮች ይታያሉ። ሮም ስንት ድልድይ እንዳላት አላውቅም፤ እግዜር የሠራው ግን እኛ ጋ አለ።

ባለቤቴ የበረንዳውን ብረት ይዞ ቆመ። ሻንጣውን የተሸከመው ልጅ ቁልፉን ሊሰጠው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ አላየውም። በመጨረሻ «ሰማያዊ አይደለም» አለ።

እውነትም አባያ ሰማያዊ አይደለም፤ ቀይ ቡናማ ነው። ጎኑ ያለው ጫሞ ግን ሰማያዊ ነው። «ለምን ተለያዩ?» ብዬ ጠየቅሁት። ለወሬ ያህል ነበር የጠየቅሁት።

እሱ ግን ማስተማር ጀመረ። አባያ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛው ሐይቅ ነው፤ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም። ብላቴን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ቀይ አፈር ጠርገው ያመጡለታል። ደቃቁ አፈር እንዳይዘቅጥ ነፋሱ ጥልቀት የሌለውን ውኃ ሲያማስለው ይውላል። ስለዚህ ቀልቶ ይኖራል። «ይህ የምታዪው ቀለም የሰው እርሻ ነው፤ ደጋው በተራቆተ ቁጥር ሐይቁ ይቀላል» አለኝ። ከዚያ እጁን ወደ አማሮ ተራሮች ዘርግቶ፣ የቆምንበት አፋፍና ያ ማዶው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት እንዴት እየተራራቁ እንደሄዱ፣ መካከሉ እንዴት እንደሰመጠ አስረዳኝ። ሻንጣ ተሸካሚው ልጅ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ይሰማል። ከጎናችን ለስላሳ የሚጠጡ ሁለት ወጣቶችም ዘወር ብለው ይሰማሉ።

እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ከዚህ ሰው ጋር 36 ዓመት ኖሬያለሁ። ሸሚዙን ተኩሼ፣ ጠመኔ የነካው ኮቱን አራግፌ ወደ ክፍል ልኬዋለሁ። የፈተና ወረቀት ሲያርም ሻይ አፍልቼለታለሁ። ሲያስተምር ግን አይቼው አላውቅም ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የሰው ልጆች የሚያውቁትን ይህን ሰው፣ ሚስቱ ሆኜ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሪሞቱን ባትሪ የሚገለባብጠው ሰውዬና ይህ እጁን የዘረጋው ሰውዬ አንድ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ጫሞ ላይ በጀልባ ወጣን። ላይፍ ጃኬት አስለበሱን። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ «የአዞ ገበያ» ወደሚሉት ዳርቻ ቀስ ብሎ አስጠጋን። ስሙ የመጣው አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁበት ነው። አንዳንዱ ከጀልባችን አይተናነስም። ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው ያዩናል። አጠገባቸው አሣ አጥማጆች በቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ ላይ ተቀምጠው መረባቸውን ይጎትታሉ፤ እኔ ለእነሱ ልቤ ተሰቀለ።

አስጎብኚው ስለ እናት አዞ ያጫወተን አልረሳውም። እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ከአጠገቡ ሳትርቅ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ሴት ይሁኑ ወንድ የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው። ሊፈለፈሉ ሲሉ ከእንቁላሉ ውስጥ ይጮኻሉ፤ ያን ስትሰማ አሸዋውን ቆፍራ በዚያ በሚያስፈራ አፏ እየያዘች ወደ ውኃ ታወርዳቸዋለች። ለተወሰነ ጊዜ በዓይኗ ትከታተላቸዋለች፤ ከዚያ የራሳቸው ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ፣ እሷ በቀን ሦስት ጊዜ አትደውልም» አለኝ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያች ቀን ማታ ግን ነገሩ ሁሉ ማር አልነበረም። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና ሽፈራው አዘዝን፤ ሽፈራውን እዚያ «አለኮ» ይሉታል፣ እንደ ጎመን ይሠራል። እራት እስኪያልቅ ስለ ልጆች ላናነሣ ተስማማን። ብታምኑም ባታምኑም፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የምናወራው አለቀብን። ዝም ብለን እንጀራ ቆረስን። አንድ ሁለቴ ስለ ትልቋ ልጀምር አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ያ ዝምታ ከባድ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ «ሰው ልጁን አሳድጎ ሲጨርስ ከትዳሩ የሚተርፈው ይኸው ነው?» የሚል ፍርሃት ሽው አለብኝ።

ዝምታውን የሰበረው እሱ ነው። «ልጅ ሳለሽ ምን ማየት ትመኚ ነበር?» አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ትንሽ አሰብኩና «ባሕር» አልኩት። አባቴ ሾፌር ነበር፤ ምጽዋ ደርሶ ሲመጣ ስለ ባሕሩ ያወራልን ነበር። እኔም አንድ ቀን ይወስደኛል እያልኩ አደግሁ። ባለቤቴ ይህን አያውቅም ነበር። ስለ አባቴ፣ ስለ መኪናው፣ ስለሚያመጣልን ጨው ጠየቀኝ። መብራት እስኪጠፋ አወራን። ልንተኛ ስንነሣ በስሜ ጠራኝ። «የእገሊት እናት» አላለኝም፤ በስሜ። ማንን እንደጠራ ለማየት ዘወር አልኩ።

ቅዳሜ ወደ ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ከፍታ ተነሥታችሁ ከ2,500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከታች ሙዝና ማንጎ ነው፤ አዲስ አበባ የምንገዛው ሙዝ ብዙው ከዚህ ነው የሚጫነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሙዙ ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል። ብርዱም አብሮ ይመጣል። «ጋቢ ያዝ» ስለው «አርባ ምንጭ በረሃ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ዶርዜ ላይ የእኔን ነጠላ ለሁለት ተከናነብነው። መምህሩ ከፍታና ሙቀትን ለሌላው ሲያስተምር ነው የኖረው።

የዶርዜ ቤት በቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተፈትሎ የሚሠራ ነው። እስከ 12 ሜትር የሚረዝም አለ። ከፊቱ ወጣ ያለው የበሩ ክፍል እንደ ኩምቢ ስለሆነ ከሩቅ የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል፤ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይወድቅም። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ባለቤቴ ዙሪያውን ዞሮ አየና «እንደ እኛ ነው፣ ከሥር እያጠረ ይቆማል» አለ። በግቢው ውስጥ ትንሽ ቤት ነበረች፤ አስጎብኚው ለአዲስ ተጋቢዎች የምትለቀቅ መሆኗን ነገረን። «እናንተስ ስንት ዓመታችሁ ነው?» ሲለን ባለቤቴ ፈጠን ብሎ «ሁለተኛ ቀናችን ነው» አለው። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጋግረው በማርና በዳጣ አቀረቡልን። ከዚያ ወደ ሸማ ሥራው ሄድን። ዶርዜ ሲባል ሸማ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ሸማኔዎች ሥራቸው ከዚህ ደጋ ነው። በልማዱ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ። በመስቀል፣ እነሱ «ዮ ማስቃላ» በሚሉት በዓል፣ በየከተማው የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነው ዱንጉዛቸውን ገመድ ላይ ሰቅለውት ነበር።

አንዲት እናት ባዘቶ ይዘው ይፈትላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እንዝርቱን ለመንኳቸው። እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች፤ ካገባሁ ወዲህ ግን ነክቼው አላውቅም። መጀመሪያ ክሩ ሁለቴ ተበጠሰብኝ፣ ሴትየዋም ሳቁብኝ። በሦስተኛው ያዘልኝ። እጅ አይረሳም። ቀና ስል ባለቤቴ ትናንት ሐይቁን እንዳየው አድርጎ እያየኝ ነው። «ይህን መቼ ተማርሽ?» አለኝ። እኔም እንደ እሱ ማስተማር ጀመርኩ፤ ድሩ ይህ ነው፣ ማጉ ይህ ነው፣ ጥጡ በደጋን ካልተነደፈ ክሩ ይጎረብጣል። መምህሩ ቁጭ ብሎ ተማረ።

ማታ ሴቻ ተመልሰን አሣ ጥብስ በላን። ከዚያ ቡና ልንጠጣ አንድ ቤት ገብተን ከአንድ ጋሞ አባት ጋር ወግ ያዝን። እኔ ስለ መስከረም 2011 አነሣሁባቸው። ታስታውሳላችሁ። ቡራዩ አካባቢ ያ ሁሉ ሰው ከተገደለ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው። ወጣቶቹም ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ሰውየው ብዙ አልተናገሩም። «ሽማግሌ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይሰማዋል? መንገድ ላይ ሲገኝ ነው» ብቻ አሉ። ባለቤቴ ይህችን ቃል ይዞ አደረ። ጡረታ ማለት ከሰው ዓይን መጥፋት ማለት የመሰለው ሰው ነበር።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመን ወደ ምንጮቹ ወረድን። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ነው። ከሴቻ አፋፍ ሥር፣ ከበረንዳችን ቁልቁል የምናየው ደን ውስጥ፣ ከድንጋዩ ሥር ጥርት ያለ ውኃ ይፈልቃል። ደኑ የቆመው በዚሁ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ከተማዋም የምትጠጣው ከዚሁ ነው። መንገዱ ለጉልበት ይከብዳል። እየተደጋገፍን፣ እያረፍን ወረድን። የምንጮቹን ቁጥር ልንቆጥር ሞከርን፤ እሱ አሥራ ሁለት ላይ፣ እኔ ዘጠኝ ላይ ተምታታብን። አስጎብኚው ሳቀና «አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው» ብሎ ገላገለን።

እዚያው ተቀምጠን እያረፍን ስለ አንዲት ወፍ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። ሊወስዱ የቻሉት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። በዚያ በአንድ ክንፍ፣ ከዚያ በፊት የማትታወቅ የሌሊት ወፍ ዘር መሆኗ ታወቀ፤ በአምስት ዓመቱ ስም ወጣላት፤ የሳይንስ ስሟም «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። ክንፍ ያላት የሌሊት ወፍ ስል የምታውቋትን አጥቢዋን እንዳይመስላችሁ፤ በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ ናት። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ባልና ሚስት አንዳንዴ እንዲሁ ነን፤ አንዱን ክንፍ ይዘን ሙሉዋን ወፍ እናውቃለን እንላለን።

እንግዲህ ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር ልስጥ። አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ የወባ ትንኝ አለና አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ሐኪማችሁን አማክሩ። ለዶርዜና ለጨንቻ ግን ጋቢ ያዙ፤ የእኛን ቤት ታሪክ አትድገሙት። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይግባ። መታወቂያ አትርሱ። የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ወደ ምንጮቹ ስትወርዱ ከዘራ ይኑራችሁ። ለልጆች በቀን አንዴ ደውሉ፤ ይበቃቸዋል። ጊዜ ከተረፋችሁ ኮንሶ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ የእርከን እርሻውና በድንጋይ የታጠሩት መንደሮቹ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ርቆ መሄድ ለማይችልም መላ አለ። አዲስ አበባ ያለ እንጦጦ ይውጣ፤ ደብረ ብርሃን ያለ አንኮበር፤ አርባ ምንጭ ያለ ደግሞ ጨንቻ። አንድ ቀንም ቢሆን፣ ማንም ሳይሞትና ማንም ሳያገባ፣ ሁለታችሁ ብቻ ውጡ። መጀመሪያ የምታወሩት ሊያልቅባችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ ትንሽ ታገሡት። ከዝምታው ኋላ የማታውቁት ሰው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ለልጆችም መልእክት አለኝ። ለእናትና ለአባታችሁ የልደት ቀን ካፖርትና ብርድ ልብስ መግዛት መልካም ነው። ዘንድሮ ግን ቲኬት ሞክሩ፤ የሁለት ሰው። ከዚያ አብራችሁ አትሂዱ።

የእኛ ጣሪያ እንዳለ ነው፤ ጥጉ ላይ ባልዲ እናስቀምጣለን። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች በረንዳችን ላይ ሰብስቦ ካርታ ማስተማር ጀምሯል። አባያን በቀይ ጠመኔ ነው የሚቀባው። የሚቀጥለው እቁብ ሲወጣ ጣሪያው ይቅደም ወይስ የሐረር ግንብ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

ቸር ሰንብቱ።